ይድረስ ስኳድ ገብተህ ሶሎ ለምትጫወተው ወንድማችን

ውድ ወንድማችን ‹ብቻዬን›፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ ከአንተ ርቀት በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ማለትም ፐብጂ በሚባለው የስልክ የተኩስ ጨዋታ አራት ሆነን በአንድ ቡድን (በስኳድ) ገብተን ሦስታችንም ሞተናል፤ ከዚያ ውጪ ምንም አልሆንን። ርቀትህን ከመሞታችን በፊት ለክተነዋል። ካርታው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ካሬዎች እያንዳንዳቸው 100 ሜትር ናቸው፤ ከእኛ እስከ አንተ ሰባት ካሬ ተኩል ቆጠርን። 750 ሜትር። እዚህ ድሬዳዋ ሰው ከከዚራ ተነስቶ ይህን ያህል ቢራመድ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ የመጋላ ሳምቡሳ ሊሸተው ምንም አይቀረው።

በአካል ግን እዚሁ ነህ። ሳቢያን፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ምንጣፍ ላይ፣ ጉልበትህ ጉልበቴን እየነካ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖም ሙቀቱ አልበረደም፤ ስልኮቻችን ከእኛ ብሰው ግለዋል። ክንዴን ብዘረጋ ጆሮህን እይዘዋለሁ (ሐሳቡ ዛሬ ብቻ ሁለት ጊዜ መጥቶብኛል)። በጨዋታው ግን 750 ሜትር። አቦ፣ ይሄ ተሰጥኦ ነው!

አንተ ገና በሕይወት ስላለህ እየተጫወትክ ነው። ሁለቱ ሟቾች አንገታቸውን አስግገው የአንተን ጨዋታ ያያሉ፤ እኔ ሥራ ስለፈታሁ ይህን ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ።

‹ብቻዬን› ያልኩህ ስምህ ጠፍቶኝ ሳይሆን ብዙ ስለሆንክ ነው። ለገሀሬ አለህ፣ ገንደ ቆሬ አለህ፤ ሐረር ሄጄ ጀጎል ውስጥ ከአክስቴ ልጅ ጋር ልጫወት ስል እዚያም ቀድመኸኝ ደርሰሃል። ፕሮፋይልህ ላይ ሁልጊዜ ተኩላ አለ። ጨረቃ ላይ የሚያላዝን ተኩላ፣ ብቻውን። ተኩላ በመንጋ እንደሚያድን የነገረህ የለም መሰለኝ። ተኩላው ሩቅ ከሆነብህ ጅቡ ቅርብ ነው፤ የሐረር ጅብ እንኳ ሥጋ ሲጎርስ የሚመጣው ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ነው።

ከአውሮፕላኑ እንጀምር። ኤራንጌል የምትባለው ካርታ 8 በ8 ኪሎ ሜትር ናት፤ 100 ሰው ይዘንብባታል፤ አራት አራት ሲካፈል 25 ስኳድ። ‹ፎሎው› የምትባለው ቁልፍ የተሠራችው አራታችን አንድ ቦታ እንድናርፍ ነው። ‹ስኩል (ትምህርት ቤቱ) ዳር ዳሩን፣ ቀስ ብለን› ተባብለን ነበር። አንተም ‹እሺ› ብለሃል፤ ሦስት ምስክር አለ። ግማሽ ሰማይ ላይ ስንደርስ ፎሎውን በጥሰህ ወደ ፖቺንኪ ከተማ ታጠፍክ። ለምን ቢባል ፖቺንኪ ሰው ይበዛል፣ ሰው ከበዛ ኪል (የምትገድለው) ይበዛል። እኛ ሦስት ሆነን በሁለት ሽጉጥና በአንድ መጥበሻ ስኩልን ስንከላከል አንተ ከሩቅ ስትተኩስ ይሰማን ነበር። ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ ለሌላ ስኳድ ቢሆን።

ከዚያ መኪናው። ዳሲያ አራት ሰው ትይዛለች። ሰማያዊው ዞን (እየጠበበ ውጪ የቀረውን የሚጎዳው ክልል) ጀርባችንን እየጠበሰን በእግራችን ስንሮጥ ብቻህን ነድተሃት በአጠገባችን አለፍክ፤ ጡሩንባም ነፋህልን። ሰላምታ መሆኑ ነው። ሳኖክ የሚባለው ካርታ ላይ ቱክሻይ የምትባል ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ያየን ቀን እዚህ ሰፈር የተደሰትነውን አልረሳውም፤ ‹በስተመጨረሻ ባጃጃችንን አስገቡልን› ብለን ነበር። አንተ እሷንም ባዶዋን ነዳሃት። ድሬ ውስጥ ባዶ ባጃጅ ይዞ የሚበር ሰው ወይ ነዳጅ ሊቀዳ ነው፣ ወይ ከሆነ ሰው ጋር ተጣልቷል።

ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ። ጨዋታው ላይ ‹ሶሎ› የሚል ምርጫ አለ። ነፃ ነው፤ ማንም አይከለክልህም፤ 99 ጠላትና አንተ። ተኩላ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ሜዳ የት ይገኛል? ለምንድን ነው ታዲያ በየማታው ‹አራተኛ ሰው ጎደላችሁ?› እያልክ የምታንኳኳው?

ብዙ አሰብኩበት፤ ዛሬ ስሞት ገባኝ። ሶሎ ላይ የተመታ ሰው በቃ ሞተ። ስኳድ ላይ የተመታ ግን መጀመሪያ በእጁና በጉልበቱ ይድሃል፤ ጓደኛው ከጎኑ ተንበርክኮ 10 ሰከንድ ከቆየለት ይነሳል። አንተ ስኳድ የምትገባው ለዚያች 10 ሰከንድ ነው። ‹ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል› ይባላል። አንተን ያማረህ ብቻህን በልተህ በማኅበር መሞት ነው። ይሄ ነገር አፎሻ (ዕድር) ቢሆን ኖሮ ደብተርህ ይታይ ነበር። መዋጮ የለህ፣ ለቅሶ አልደረስክ፣ ድንኳን ስንተክል አልታየህም፤ የራስህ ቀን ሲመጣ ግን ‹ሰው የለም ወይ?› እያልክ የምትጮኸው አንተ ነህ።

ጩኸትህም ይገርመኛል። ማይክህ ሙሉ ጨዋታ ዝግ ነው። ‹በየት በኩል ናቸው?› ስንልህ ዝም። ‹ጥይት ተርፎሃል?› ዝም። በርጫ ላይ ምርቃና የያዘው ሰው እንኳ አልፎ አልፎ ‹እህ› ይላል። ልክ ስትመታ ግን ማይክህ ይከፈትና ‹አንሱኝ! አንሱኝ! ኧረ በናታችሁ አንሱኝ!› ጎረቤት ያሉት ሴትዮ አንድ ሌሊት የምር ሰው የወደቀ መስሏቸው ውኃ ይዘው በአጥሩ ብቅ ብለዋል።

ዛሬ እንዴት እንደሞትን ስላላየህ ልንገርህ። ሁለተኛ ፎቅ ይዘናል፤ ደረጃው አንድ ነው፣ መስኮቱ አራት ነው፤ ዞኑም እኛው ላይ ገብቷል። ወላሂ በዚህ ወር እንደዚህ ያለ ቦታ አልያዝንም። በዚህ መሀል ከሰማይ ሳጥን ወረደ፤ አንተም ሜዳውን አቋርጠህ ወደ ሳጥኑ ሮጥክ። ሳጥኑ ውስጥ ኤ-ደብሊው-ኤም እንዳለ አስበሃል፤ ደረጃ 3 ሄልሜት ያደረገውን ጭንቅላት በአንድ ጥይት የሚያወርድ ጠመንጃ ነውና አልፈርድብህም። መንገድ ላይ መቱህ። ‹አንሱኝ!› መጣች። እኔ ሞኙ ጭስ ወርውሬ ከፎቁ ወረድኩ፤ 10 ሰከንዷን ተንበርክኬ ቆጠርኩልህ፤ ያሉኝን አምስት ፋሻዎችም መሬት ላይ ጣልኩልህ። አነሳኻቸው። አላሰርካቸውም። ደምህ በጣቴ ልክ እያለ ተነስተህ እንደገና ወደ ሳጥኑ ሮጥክ፣ እኔ ጭሱ ውስጥ ወደቅኩ። ‹አንሳኝ› አልኩህ፣ ቀስ ብዬ፣ ምክንያቱም አጠገቤ ነህ። ‹ቆይ አንድ ኪል አለኝ› አልከኝ። ሁለቱ እኔን ሊያነሱ ሲወርዱ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። አንተ በነፍስህ አመለጥክ፤ ወዲያውም ፋሻዎቼን አሰርካቸው። ለሁሉም ጊዜ አለው።

ድር ቢያብር ምናምን ብዬ አላደክምህም፤ እሱን ከትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ አብረን አንብበን አብረን ዘለነዋል።

እውነቱን ለመናገር እኔም ጻድቅ አይደለሁም። ከእናንተ በዕድሜ ስለምበልጥ የካውንተር ዘመን ላይ ደርሻለሁ። ካውንተር ስትራይክ 1.6፣ በ2003 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው፤ ከዚራ ዛፎቹ ጥላ ሥር ካለች አንዲት ጌም ቤት፣ አምስት ለአምስት። ‹ደስት ቱ› የሚባለው ካርታ ቅስት በር፣ አሸዋማ ግድግዳና ፀሐይ ብቻ ስለነበር ባለቤቱ ‹መጋላን ማን ሰጣቸው?› ይል ነበር። ጨዋታው በ800 ዶላር ይጀምራል፤ ኪል ስትይዝ 300 ይጨመርልሃል፤ ያ ትልቁ ስናይፐር፣ ኤ-ደብሊው-ፒ፣ 4750 ነበር። የቦምብ ማክሸፊያው ኪት ደግሞ 200 ብቻ። ገንዘብ የተረፈው ጠመንጃ ገዝቶ ላጣው መጣል ይችላል፤ ‹ጂ›ን መጫን ነው። እኔ ለማንም አልጥልም ነበር፤ ስናይፐሬን ስጠራቅም ነበር የምኖረው።

አንድ ቀን ቦምቡ ተተከለ፤ ጠላት በሙሉ አልቋል፤ ከእኛ በሕይወት የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ከነ4750 ዶላር ጠመንጃዬ። ኪት ያለው ሰው ቦምቡን በ5 ሰከንድ ያከሽፋል፤ የሌለው 10 ይፈጅበታል። እኔ የነበረኝ 7 ወይም 8 ነው። ኪት ከእኛ መሀል አንድ ሰው አልገዛም ነበር፤ ሁላችንም ‹ሌላው ይገዛል› ብለናል። ባለቤቱ ከኋላዬ ቆሞ የፈነዳውን አየና አንዲት ቃል ሳይናገር ማውሱን ከእጄ ወስዶ ለተራ ጠባቂ ልጅ ሰጠው። የከፈልኩበት ሰዓት ገና አላለቀም ነበር። አልተከራከርኩም።

ስለዚህ የምነግርህ ከጻድቅ ወንበር ላይ ሆኜ አይደለም። ብቻን መሄድ ሁሉ ጥፋት ነው አላልኩም። ሦስቱ ከፊት ተኩሰው ጠላትን መስኮቱ ሥር ሲያስተኙት አንዱ ተነጥሎ በጎን ቢዞር ያ ጥበብ ነው፤ ጎበዝ ስኳድ የሚያሸንፈው እንዲያ ነው። ልዩነቱ ‹በግራ እየዞርኩ ነው› ማለት ነው። ሦስት ቃል ናት። የምድር ባቡሩ ልጅ ነህና ይገባሃል፤ በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ባቡሩ እዚህ ባይደርስ ኖሮ ይህቺ ከተማ አትኖርም፣ አንተም ሳቢያን ላይ ተቀምጠህ ፋሻዬን አትበላም። ያ ባቡር ፉርጎዎቹን ፈትቶ ራሱ ብቻ ጅቡቲ ቢገባ ግን አያቶቻችን ‹እንዴት ይሮጣል!› ብለው የሚያጨበጭቡለት ይመስልሃል? ጨው የጫነው ፉርጎው ነው።

አሁን ስለዚያች የፈረደባት ሐሙስ። እንደምታነሳት ስለማውቅ ቀድሜህ ላንሳት። አዎ፣ ሦስታችን ሞተን አንተ አራት ሰው ብቻህን ጥለህ ‹ዊነር ዊነር ቺክን ዲነር› (ለአሸናፊ የሚወጣውን የ‹ዶሮ እራት› ጽሑፍ) አስወጥተህልናል። አይተናል፤ ምንጣፉ ላይ ዘለናል፤ እኔ ራሴ ሳምኩህ። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ግን ምንም አይነገርህም። ስክሪንሹቱን ለማን ያላሳየኸው አለ? ለባጃጅ ሹፌር አሳይተሃል። ከዚያ በፊትና በኋላ ሃያ ምናምነኛ የወጣንባቸውን ጨዋታዎች ፎቶ ግን ማንም አላነሳቸውም። አንተ 9 ኪል፣ ስኳዱ ከ25ቱ 22ኛ፤ ‹እናንተ ናችሁ የጎተታችሁኝ› ትላለህ። ስለ ዶሮው ደግሞ አንድ ነገር ልበልህ፦ እናትህ ዶሮ ሲያወጡ 12 ብልት ነው። ለአራት ሰው ሦስት ሦስት ይደርሳል። ፈረንጅ ሳያውቀው ሒሳቡን አስተካክሎ ሠርቶታል።

ባለፈው አንተ ጠፍተህ አራተኛውን ከራንደም (ጨዋታው ራሱ ከሚመድበው የማናውቀው ሰው) ወሰድን። የመካከለኛው ምሥራቅ ሰርቨር ላይ ነንና አንድ ዓረብ ልጅ ገባ። ከመሀላችን ጅቡቲ የኖረው ብቻ ትንሽ ይሰማዋል፤ እኛ የምናውቀው ‹ያላ›ን ነው። ልጁ አብሮን ወረደ። ጠላት ሲያይ ካርታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ባለ 4 ስኮፕ (የጠመንጃ መነጽር) ሁለት ሲያገኝ አንዱን እግሬ ሥር ጥሎ ‹አኺ› (ወንድሜ) አለኝ። ስወድቅ መጣ፣ ተንበረከከ፣ 10 ሰከንዷን ቆየልኝ፤ አብረን ሞትን። ሦስተኛ ወጣን። ስሙን አላውቀውም፤ አንተን ግን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቅሃለሁ።

እንዳናባርርህ ቸገረን። ፓኬጅ ስናዋጣ ድርሻህን ቀድመህ የምትከፍል አንተ ነህ፤ መብራት ሲሄድ ፓወር ባንክህን ለአራታችን የምታዞር አንተ ነህ፤ ሻዩንም ስኳሩንም የምታመጣው ከእናንተ ቤት ነው። ምንጣፉ ላይ እንዲህ የሆነ ሰው አውሮፕላኑ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚነካው ሦስታችንም ተወያይተን አልደረስንበትም። አንደኛው ‹ከፍታው ነው› አለ።

ቆይ፣ አንዴ። ልጆቹ እየጠሩኝ ነው። የቀሩት ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ዞኑ እየጠበበ ነው፣ አንተ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ነህ። ‹ከግራህ! ከግራህ!› እያሉህ ነው፤ አንተ ጆሮህ ላይ ያለችው ነገር ጥሩ ናት መሰለኝ አትሰማም። በግራህ መጣ።

ይኸው፤ ወደቅክ። ቀሪ ሰው ስለሌለ ጨዋታው መዳህ እንኳ አልፈቀደልህም። አፍህ ግን በልምዱ ‹አንሱኝ!› አለ፤ ሴትየዋ በአጥሩ ብቅ ብለዋል።

እጅህን አምጣ። ሻዩ ፈልቷል፤ ስኳሩ ያለው ከእናንተ ቤት ነው።

አክባሪዎችህ፣
ሦስቱ ሟቾች

ማስታወሻ፦ ፋሻዎቹ አምስት ነበሩ።