«እዚያ ሰው ታውቃለህ?»

የመሀል አዲስ አበባ ሰዎች፣ የዛሬው ወቀሳ ለእኛው ነው። ወረዳውንማ በታክሲ፣ በቡና ቤት፣ በለቅሶ ድንኳን ስንወቅሰው እንውላለን። ዛሬ እሱን ትንሽ እናሳርፈው።

አንዳችን መታወቂያ ልናሳድስ ወይም መሸኛ ልናወጣ ስንነሳ መጀመሪያ የምንጠይቀው ምንድን ነው? «ምን ምን ያስፈልጋል?» አይደለም። «ስንት ሰዓት ይከፈታል?»ም አይደለም። «እዚያ ሰው ታውቃለህ?» ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ይህን የምጽፈው ከእናንተ ተሽዬ እንዳይመስላችሁ።

በቅርቡ አንድ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መሀል ከተማ ያለ አንድ ወረዳ ደረስኩ። አግዳሚው ሞልቷል። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተገልጋዩ ራሱ ስም እየጻፈ ወረፋ ይዟል። እኔ 17ኛ ነኝ። 9ኛዋ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት ናቸው። ሰነዳቸውን በጥቁር ፌስታል አድርገው ጉልበታቸው ላይ በሁለት እጃቸው ይዘውታል። በየመሀሉ ፈታ አድርገው ያዩታል፤ የድሮ መታወቂያ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ በሶፍት የተጠቀለሉ ሁለት ጉርድ ፎቶዎች። አይተው መልሰው ይቋጥሩታል።

3 ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ወጣት ገባ። ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። «ደርሻለሁ፣ የቱ ጋ ነህ?» አለ። የጎኑ በር ተከፈተለት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት እያራገበ ወጣ። አግዳሚው አጉረመረመ። ከአጠገቤ የነበሩት ጎልማሳ ብድግ ብለው ተከተሉት። ሊቆጡት ነው ብዬ ነበር። «ወንድሜ፣ ማንን አግኝተህ ነው?» አሉት። ቁጣ አልነበረበትም፤ አድናቆት እንጂ። እኔስ? ጆሮዬን አቁሜ ስሙን ልሰማ እሞክር ነበር።

እናትየዋ ብቻ ምንም አላሉም። ፌስታሉን አንዴ ፈተው አዩና ቋጠሩት።

ይህን ነገር እስቲ በሰዓት እናስላው። መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ አንድ ነው። በጎን በር የገባ እያንዳንዱ ሰው ከአግዳሚው ላይ 10 ደቂቃ ይዞ ይሄዳል። ስድስት ሰው ከገባ አንድ ሰዓት ሄደ። አግዳሚው ሲረዝም የተቀመጠው ሰው ይሰለቸዋል፤ ስልኩን አውጥቶ ለአክስቱ ልጅ ይደውላል። እሱም በጎን ይገባል። ወረፋውን የምናስረዝመው እኛ፣ ወረፋው ረዘመ ብለን በጎን የምንሾልከውም እኛ። ጉዳይ ገዳዩ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀንስ ለምን ሆነና? ደሞዙን የምንከፍለው እኛ ነና።

ባለሙያውም ከሰማይ አልወረደም። እሱም እንደኛ የቤት ኪራይ ያለበት የሰፈር ልጅ ነው። «ሲስተም የለም» ሲልም ሁልጊዜ አይዋሽም፤ መብራትና ኔትወርክ እንዴት እንደሚጫወቱብን እናውቃለን። ግን «ለሻይ» ብለን ማንም ሳይጠይቀን ያቀረብነውን ብር አስታውሱ። «ተገድጄ ነው» እንላለን። ማን አስገደደን? በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 ጉቦ ተቀባዩን ብቻ አይደለም የሚቀጣው፤ ሰጪውም ወንጀለኛ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረትም ባለሥልጣኑ ብቻ አይተርተውም። እኛም ቡና ላይ እየሳቅን እንተርተዋለን። ያ የመስኮት ልጅ ደግሞ እየሰማን ነው ያደገው።

ደጅ መጥናትና እጅ መንሻ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ነገር ግን እነዚያው አያቶቻችን «በሕግ አምላክ!» የሚባል ቃልም ነበራቸው። ጠብ መሀል አንድ መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ካለ ዱላ የሰነዘረው እጁን ይሰበስብ ነበር። የቃሉ ባለቤት ሹም አልነበረም፤ ማንም ነበር። ከሁለቱ ውርስ መርጠን እጅ መንሻውን ያዝን፣ ያንን ቃል ጣልነው።

ቀበሌ እንዴት እንደመጣም እናስታውስ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ነው የተቋቋመው። ማኅበር! ከዚያ በኋላ ደርግ ምን እንዳደረገበት ዕድሜው የደረሰ ያውቃል። ዛሬ ከተማዋ 11 ክፍለ ከተሞች አሏት፤ ከሥራቸው ደግሞ ወረዳዎቹ። እኛ ግን አሁንም «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ነው የምንለው። ከስሙ ጋር አንገት መድፋቱም አብሮን ቀርቷል።

አሠራር አናውቅ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ዕድር ያለን ሰዎች ነን። የእኔን ዕድር ልንገራችሁ። ስብሰባ የቀረ ይቀጣል። ቀብር የቀረ ከዚያ በላይ ይቀጣል። ባለፈው ዓመት ሊቀመንበራችን ራሳቸው አርፍደው መጡ። ጸሐፊው ቀና ሳይል ስማቸውን መዝገቡ ላይ አሰፈረ። እሳቸውም «ልክ ነህ ልጄ» ብለው ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ። ገንዘቡ ሁላችንም እያየን ይቆጠራል። ሊቀመንበሩን ስለሚያውቅ ሰፋ ያለ ድንኳን የተተከለለት ሰው አላየሁም። ከካዛንቺስ ተነስታ ከተማው ዳር ገላን ጉራ የገባች የዕድራችን አባል ዛሬም ለለቅሶ ታክሲ ቀይራ ትመጣለች። መዋጮዋንም አላቋረጠችም። ዕድር ውስጥ «ሰው ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢገኝ እብድ ነው የምንለው። እኚሁ ቀጥ ያሉ ዕድርተኞች የወረዳውን ደጃፍ ሲረግጡ ምን ይሆናሉ?

ከተማው ተቀይሯል። ፒያሳን፣ አራት ኪሎን፣ ካዛንቺስን እዩ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ አምሯል፣ ማታ መብራቱ ቀን ይመስላል። የተነሳው ሰው ጉዳይ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ዛሬ አልገባበትም። የኮሪደር ልማቱ ግን የጎኑን በር አላፈረሰውም። ያ በር እጀታው በእኛ በኩል ነው። በ2017 ዓ.ም. መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ሲጀምር «በቃ፣ ከእንግዲህ ሰው መፈለግ ቀረ» ያልኩት ወዳጄ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እዚያስ የምታውቀው አለ?»

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ስትሄዱ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉትና ግድግዳውን አንብቡ። የዜጎች ቻርተር የሚባለው ሰሌዳ በየቢሮው ተሰቅሏል፤ ምን ይዛችሁ እንደምትመጡ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ በምን ያህል ጊዜ ማለቅ እንዳለበት ይላል። እኔ ለዓመታት በአጠገቡ አልፌያለሁ። ያነበብኩት ያን ማክሰኞ ነው፣ እሱም ሥራ ስላጣሁ። «አይሆንም» ከተባላችሁ «ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ» በሉ፣ በትሕትና። ካልሰጧችሁ ቅሬታ ሰሚ አለ። ቅሬታ ሰሚው ካልሰማ የሕዝብ እንባ ጠባቂ የሚባል ተቋም በአዋጅ ከቆመ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀኑን ይፈጃል፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ከንቱ ልፋትም ይሆናል። የነዋሪ ስብሰባ ሲጠሩም ሂዱ እንጂ፤ አበል አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ነው?

ያን ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ መስኮቱ ለምሳ ሲዘጋ 8ኛው ሰው ገና ፊርማ እየጠበቀ ነበር። እናትየዋ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ከሰዓት ይሠራሉ?» አሉኝ። «ይሠራሉ እማማ፣ ወረቀቱ ላይ ስምዎ አለ» አልኳቸው። ሌላ የምላቸው አልነበረኝም።

ስልኬ ላይ «የወረዳው ልጅ» ብዬ የመዘገብኩት ቁጥር አለ። ይህን እየጻፍኩም አላጠፋሁትም፤ ዓይኔ እያየ እጄ እምቢ ይላል። ሐሙስ ግን ሳልደውል እሄዳለሁ። 2 ሰዓት ላይ እዚያው አግዳሚ ላይ ነኝ። የስም መጻፊያውን ወረቀት እኔ እይዛለሁ። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔን ባለፈው አንዱ ጽፎበት ይዞት ሄዷል።