ድንጋይ ፎቶ ላይ አያምርም
ስለ ኳድራቲክ ፈንዲንግ (ሰዎች ለየፕሮጀክቱ ያዋጡትን እያየ ከጋራ የድጎማ ገንዘብ የሚያካፍል ዘዴ) የወጣው ጽሑፍ «ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሰጪው ብዛት ስለሚመዝን ባለጸጋ አይጫንም» ይላል፤ ይህ ግማሽ እውነት ነው። የየመዋጮው ካሬ ሥር ተደምሮ በራሱ ሲባዛ፣ የ100 ሰዎች አንድ አንድ ዶላር 10,000 ይሆናል (የድጎማው ገንዘብ ከፈቀደ)፤ አንድ ሰው ብቻውን የሰጠው 100 ግን ያው 100 ነው። ታዲያ ያ አንድ ሰው መቶ የክሪፕቶ አድራሻ (የዲጂታል ገንዘብ መላኪያና መቀበያ ሂሳብ) ከፍቶ እንደ መቶ ሰው ቢመጣስ? አድራሻ ለመክፈት መታወቂያ የሚጠይቅ የለም። እኔ በተሳተፍኩበት የመሬት ማገገሚያ ፕሮጀክቶች የድጎማ ዙር ደግሞ ያሸነፈው በተከላው ዕለት የተነሣ የችግኝ ፎቶ ነበር፤ ቦረቦር ለመግታት ድንጋይ የሚክቡት ከታች ቀሩ። ከላይ በአስተያየታቸው «ሁሉም በብሎክቼይን (ዝውውሩ ሁሉ በይፋ በሚመዘገብበት ዲጂታል መዝገብ) ላይ ይታያል» ላሉት፦ ገንዘቡ ከአድራሻ ወደ አድራሻ ሲሄድ እኔም አይቻለሁ፤ ችግኙ በጋውን መሻገሩን ግን እዚያ ላይ አላየሁም።