ዕቅድ ሲረቀቅ ያልነበረ ጎርፍ ሲመጣ ይጮሃል

የሰሜን ሸዋ ሰው ሆይ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ያው ጩኸት ይሰማል። ቦረቦሩ የእገሌን ማሳ በላው፣ መሻገሪያውን ጎርፍ ወሰደው፣ ምንጩ ነጠፈ፣ በልጉ ቀረ፣ ወንዙ ሸተተ ይባላል። እውነት ነው፣ ሁሉም ሆኗል። ግን ነሐሴ ላይ የሚጮኸው ሰው ጥር ላይ የት ነበር? ስብሰባ ሲጠራ "ሥራ አለብኝ" ያለው፣ ቢሄድም ከኋላ ተቀምጦ ያልሰማውን ነገር እጁን አውጥቶ ያጸደቀው፣ ማታ ጠላ ቤት ገብቶ "ዕቅዱ የእነሱ ነው" የሚለው ማን ነው? ቀብር የቀረ ሰው በእድሩ ይቀጣል፤ የተፋሰስ ሥራ የቀረ ግን "ብልጥ" ይባላል። ይህን ነውር ብለን ካልቆጠርነው የቀረው ወሬ ትርፉ ድካም ነው።

"ዝናብ በእግዜር እጅ ነው" ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ደመናውን ማንም አያዝዘውም። የዘነበው ውሃ መሬት ከነካ በኋላ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን የሚወስነው ሰው ነው፤ ያረሰው፣ የከተረው፣ ያለ ቦይ የለቀቀው ሰው።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። መንዝ ጓሳን ተመልከቱ። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ውርጫም አምባ ላይ አስቦና ገራ የተባሉ የጥንት አባቶች ተወላጆች ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና በተወሰነ ጊዜ ብቻ ይከፍቱት ነበር። የቤት ክዳን፣ ገመድ፣ ለዝናብ የሚለበስ ገሳ ሁሉ ከዚያው ሣር ይወጣ ነበር። ሥርዓቱን ያላላው ድርቅ አይደለም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የድሮውን ባለቤትነት ሲሽር ጠባቂውም አብሮ ተሻረ፤ መሬቱ የሁሉም ሲባል የማንም ሆነና ታጨደ፣ ተጋጠ፣ ታረሰም። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች እንደገና ኮሚቴ መሥርተው ደንብ ባያወጡ ኖሮ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም ዛሬ በወሬ ብቻ በቀሩ ነበር። ጓሳ ተረፈ የምንለው ሕዝቡ ከሌላው የተለየ ተፈጥሮ ወዳድ ስለሆነ አይደለም፤ መቼ እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ጥፋተኛ ምን እንደሚቀጣ በግልጽ ስለተወሰነ ነው።

በመጀመሪያ ውሃችሁ ወዴት እንደሚሄድ እወቁ። ከጣርማ በር ሸንተረር በስተ ምሥራቅ የሚወርደው ሮቢት፣ ጀውሃ፣ አጣዬ፣ ከሰም ወደ አዋሽ ነው። በስተ ምዕራብ በሬሳ፣ ጫጫ፣ ሞፈር ውሃ፣ ወንጪት በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። አቤቱታው ከወረዳ አልፎ እስከ ተፋሰስ መሥሪያ ቤት የሚደርስ ከሆነ የትኛው በር እንደሚንኳኳ የሚወስነው ይኸው ነው። ሌላም ነገር አለ። ደጋ ላይ ያልተያዘው ውሃ ቆላ ላይ የቀወት ሽንኩርት ገበሬን ማሳ በደለል ይሞላል። ውሃ የቀበሌ ወሰን አያውቅም፤ ስለዚህ በቀበሌ ወሰን ብቻ የታቀደ የአፈር ጥበቃ ግማሽ ሥራ ነው።

የግብርና ሚኒስቴር የተፋሰስ መመሪያ የማኅበረሰብ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር እንዲሆን ይመክራል። ነዋሪው በጠቅላላ ጉባኤ ኮሚቴውን ይመርጣል፤ ኮሚቴው ከባለሙያው ጋር ከሸንተረሩ ጫፍ ጀምሮ እስከ ወንዙ በእግሩ እየወረደ ካርታ ይሥላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው። በተግባር የሚበላሸው እዚህ ነው፦ የቀበሌው አመራር ራሱን ኮሚቴ ብሎ ይጽፋል፣ መስኩን የዞረ የለም፣ ከላይ የወረደው የእርከን ኪሎ ሜትር ኮታ ለመቆፈር በሚቀለው ቦታ ላይ ይሞላል። ቦረቦሩ ባለበት ቦታ ግን ድንጋዩ ሩቅ ነውና ማንም አይደርስም። እናንተ ጉባኤው ላይ ካልጠየቃችሁ ማን ይጠይቃል? ሴቶች፣ መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ ከብት አርቢው፣ ውሃ ቀጂዋ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ። ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚነጥፍ ከባለሙያው ይልቅ ውሃ ቀጂዋ ታውቃለች።

ሪፖርት የምትፈትሹበት ቁጥርም እንካችሁ። በዚያው መመሪያ 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይፈልጋል። 50 ሰው ሙሉ ቀን ቆፍሮ 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን ለመጨረስ 3 ቀን ያስፈልገዋል ማለት ነው። በአንድ ጠዋት 2 ኪሎ ሜትር ሠራን የሚል ወረቀት ሲነበብ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ።

ስለ እርከን የምትሉትን ቅሬታ ሰምተናል፤ ከፊሉ ስንፍና ነው፣ ከፊሉ ግን እውነት ነው። "አይጥ ያራባል" የሚለው እውነት ነው፤ ትልልቅ ድንጋይ ክፍተቱ ሳይሞላ ሲደረደር አይጥ ይገባበታል፤ መፍትሔው ክፍተቱን በጠጠርና በአፈር መጠቅጠቅ፣ ከላዩም ሣር መትከል ነው። "በሬ መዞሪያ አጣ" የሚለውም እውነት ነው፤ ርቀቱን ሳይለኩ ያጠጋጉት ሰዎች ጥፋት ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ተዳፋቱ 10 በመቶ ሆኖ በሁለቱ እርከኖች መካከል የ1 ሜትር የከፍታ ልዩነት ከተፈለገ ርቀቱ 10 ሜትር ነው፤ ልዩነቱ 1.5 ሜትር ሲሆን 15 ሜትር። ይህን ቀያሹን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ትልቁ ስሕተት ግን ሌላ ነው። ዝናቡ በሚበዛበት ደጋ፣ በተለይ ውሃ በሚቋጥር ጥቁር አፈር ላይ እርከኑን ፍጹም ደልዳላ አድርጎ መሥራት ውሃውን ያስተኛዋል፤ ገብሱ ይቢጫል፣ ቆይቶም አንድ ቦታ ላይ ይጥስና አዲስ ቦረቦር ይወልዳል። በጅሩ በኩል፣ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ከነቤተሰቡ ጥቁሩን አፈር በእጁ እየዛቀ መደብ ያወጣ የነበረው ውሃውን ለማንጣፈፍ ነው። ስለዚህ እርከኑ ትንሽ ዘንበል ማለት አለበት። የ10 ሜትር ሲባጎ፣ እኩል ምልክት ያላቸው ሁለት በትሮችና ሲባጎው መካከል ላይ የሚንጠለጠል የውሃ ልክ ይበቃል፤ አረፋው መካከል ሲቆም ሁለቱ ነጥቦች እኩል ናቸው። ከዚያ በአንደኛው በትር ላይ ምልክቱን 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስታስሩት፣ በትሩ የሚቆምበት መሬት በ10 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ይሆናል፤ ይህ 0.5 በመቶ ነው። ዘንበል ያለው እርከን ደግሞ ውሃውን የሚያስረክብበት በሣር የተሸፈነ መውረጃ ቀድሞ ሊዘጋጅለት ይገባል። መውረጃው በጎረቤት ማሳ ጫፍ ያልፋልና ስምምነቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰኔ ላይ የሚነሳው ጠብ አብዛኛው ከዚህ ነው።

ክትርም፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራው የድንጋይ ግድብ፣ እንዲሁ ነው። ቦረቦርን ከታች ጀምሮ በድንጋይ መዝጋት ልፋት ነው፤ መጀመሪያ ከቦረቦሩ አናት በላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ ይቆፈራል። ክትሩ በሁለቱ የቦረቦሩ ግድግዳዎች ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ካልተቀበረ ውሃው በጎን ይዞረዋል። መካከሉ ከጫፎቹ ዝቅ ብሎ ማስተንፈሻ ካልተተወለት ግድግዳውን ይበላዋል። ከሥሩ ድንጋይ ካልተነጠፈ የሚወድቀው ውሃ መሠረቱን ይቆፍረዋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን።

ችግኝን በተመለከተ ባጭሩ፦ የተተከለበትን ቀን ሳይሆን ግንቦት ላይ የቆመውን ቁጠሩ። ባሕር ዛፍ በወራት ይደርሳል፤ ጽድ ግን ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ለመጪው ሐምሌ ጽድና ኮሶ የሚፈልግ ቀበሌ ዘንድሮ በሰኔ "ስጡኝ" ቢል የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ጥያቄውን ከዓመት በፊት በደብዳቤ አስገቡ። ፕላስቲኩን ሳትቀድዱ አትትከሉ፤ ሥሩ ይጠመዘዝና በሁለተኛው ዓመት ይደርቃል። ልቅ ግጦሽን ካልከለከላችሁ ደግሞ ከመጀመሪያውም አትድከሙ። አዝመራ ከተነሣ በኋላ የሚለቀቀው ከብት የተከላችሁትን ይበላል፣ እርከናችሁንም ይንዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የወረዳው ዕቅድ የሚረቀቀው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። የክልሉ የአየር ንብረት ዕቅድ የሚባለውም ከታች የመጣው ካልገባበት በስተቀር የቢሮ ድርሰት ነው። የቀበሌው ጉባኤ በኅዳርና በታኅሣሥ ተሰብስቦ ይወስን፤ ቃለ ጉባኤው ከየካቲት በፊት ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይድረስ፤ ግልባጩ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ለራሳችሁ ተመራጭ። "የአፈር ጥበቃ ይሠራልን" ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህን የሚቃወም ስለሌለ የሚፈጽመውም የለም። የቦረቦሩን ስም፣ ርዝመት፣ የሚያስፈልገውን የሽቦ ሳጥንና ሲሚንቶ፣ ሕዝቡ የሚያዋጣውን የሰው ቀን ጻፉ። በልግ ላይ የምትተማመኑ የመንዝ፣ የአንኮበርና የጣርማ በር ሰዎች ደግሞ የበልጉን ትንበያ ከሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ጥር ላይ ጠይቁ፤ በልጉ ደካማ ነው ከተባለ ቶሎ የሚደርስ ዘርና መኖ በዕቅዱ ውስጥ ይካተት። አንዲት ጥድ በተባለው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዝናብ፣ ጎርፍና የተሸረሸረ አፈር ተለክቷል። ከደጃችሁ የተለካውን ቁጥር ጠይቃችሁ ስትከራከሩበት ግን አላየንም።

የደብረ ብርሃን ሰው፣ አንተም አታምልጥ። ከተማህ በፋብሪካ ስትሞላ ደስ ብሎሃል፤ ሥራ ነውና ደስ ይበልህ። ግን የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ውይይት ሲጠራ ሻይህን ጠጥተህ ፈርመህ ትወጣለህ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዝዛል። ሰነዱን ከስብሰባው በፊት ጠይቅ። ፍሳሹ በየትኛው ቦይ የት ይገባል? ማጣሪያው መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? አተላው የት ይጣላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ሰነድ ላይ ፊርማ አታኑር።

ወንዙ ቀለሙን ከቀየረ ፌስቡክ ላይ ፎቶ መለጠፍ አቤቱታ አይደለም። ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ ከሚገባበት ቦታ በላይና በታች፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በንጹሕ የ1 ሊትር ጠርሙስ ሦስት ጊዜ በዚያው ውሃ አለቅልቃችሁ ቅዱ፤ ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጻፉበት፤ በረዶ ውስጥ አድርጋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱ፤ ከቆየ ውጤቱ አይታመንም። በቀዳችሁ ጊዜ ሁለት ምስክር ይኑር። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎድቻለሁ ማለት ሳይጠበቅበት፣ በካይ ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት እንደሚችል ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ማመልከቻውን ለኃላፊው በእጁ ሰጥቶ "እናየዋለን" ተብሎ ይመለሳል። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቀሪው ላይ ገቢ የተደረገበት ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ካላረፈበት 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምርበትን ቀን ማስረዳት አትችሉም። መረጃ ከከለከሏችሁም የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 አለ፤ ያም መልስ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ ያዝዛል።

ሰላም በታጣበት ወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ፣ ባለሙያው ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜም ቢሆን ጉባኤ መጥራት፣ ቦረቦሩን መለካት፣ ልቅ ግጦሽን በመተዳደሪያ ደንብ ማሰር የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ደንቡን ስታወጡ የቅጣቱን ልክ፣ ገንዘብ ያዡንና የሚጻፍበትን ደረሰኝ አብራችሁ ወስኑ። ቃለ ጉባኤውንም በሦስት ቅጂ አዘጋጁ፦ አንዱ ለቀበሌ፣ አንዱ ለተፋሰስ ኮሚቴው፣ አንዱ ደግሞ በእድሩ ሣጥን ይቀመጥ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲቀየር መዝገቡም አብሮ የሚጠፋበት አገር ነውና።