የእናቴ ስም ቁማር ያስተዋውቃል

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። አነጋገሬ ከሻከረ ቻሉኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ አንዲት ደንበኛዬ ከሜሪላንድ ደወለችልኝ። ሽሮና በርበሬ ለዓመታት ከእኛ የምታስልክ ናት። ሁሌ እየሳቀች ነው የምታወራኝ፤ ያን ቀን ግን ድምጿ ውስጥ እፍረት ነበር። «እትዬ፣ ሥራ ቀየሩ እንዴ?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ስላት የዌብሳይታችንን ስክሪንሾት በቴሌግራም ላከችልኝ። የበርበሬው ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ የቁማር መንኮራኩር ይሽከረከራል። ከላይ ያለው አድራሻ ግን ያው የእኛው ነው። የእናቴ ስም፣ ከዚያ ዶት ኮም።

ባልትናውን የሰየምኩት በእናቴ ነው። ቅመሙን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ዛሬም ድልኹን ሳትቀምስ አይወጣም። ይቺ ሴትዮ በሕይወቷ ሎተሪ ቆርጣ አታውቅም! አሁን ስሟን የጻፈ ሁሉ «የመጀመሪያ ጨዋታዎ በነፃ ነው» የሚል ይወጣለታል።

እንዴት እዚህ ደረስኩ? በ2014 አንድ ልጅ ዌብሳይት ሠራልኝ። ጎበዝ ነበር፣ ሥራውም ያምር ነበር። የዌብሳይቱ አድራሻ፣ ማለትም ስሙ፣ መመዝገብና በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው አለኝ። እኔ ደግሞ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት አመጣለሁ? «ችግር የለም እትዬ፣ እኔ እከፍላለሁ፣ እርስዎ በቴሌብር ይላኩልኝ።» ላክሁ። በየዓመቱም ላክሁ። ደረሰኙ ሁሉ ስልኬ ላይ አለ፣ አንድም አልጎደለም። ሐምሌ 2016 ብር ሲዋዥቅ ሒሳቡ ጨመረ፣ እሱንም ሳላጉረመርም ላክሁ።

ልጁ አምና ከአገር ወጣ። አንዱ ካናዳ ነው ይላል፣ ሌላው ዱባይ። ስልኩ አይሠራም፣ ቴሌግራሙ «ለረጅም ጊዜ አልታየም» ይላል። ሌባ ነው ብዬ እንዳልሰድበው አልሰረቀኝም። ረስቶኝ ነው የሄደው። እኔን ያነደደኝ ሌላ ነው። ለካ ስሙ ከመጀመሪያውም የእኔ አልነበረም!

መኪና የገዛ ሰው ሊብሬውን በደላላው ስም ትቶ ይሄዳል? አይሄድም። እኔ ግን ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ስሙ የተመዘገበው በልጁ አካውንት፣ በልጁ ኢሜይል፣ በልጁ ስም ነው። የዌብሳይቱን ስም ለመዘገበው ድርጅት፣ ባለቤት ማለት እዚያ ላይ የተጻፈው ሰው ነው። የቴሌብር ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የእናቴ መታወቂያ ቢደረደር አያውቀኝም። ጻፍኩላቸው። መልሳቸው በጣም ጨዋ ነበር፤ የአካውንቱ ባለቤት ያናግረን ነው የሚለው። የአካውንቱ ባለቤት ቢገኝማ እናንተን ምን አስለመነኝ!

ልጁ ሲሄድ ስሙን ያደሰው የለም፣ ጊዜው አለቀ። ይባስ ብሎ ማስጠንቀቂያው ሁሉ መጥቶ ነበር። በደንቡ መሠረት መዝጋቢው ጊዜው ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ማስታወሻ ይልካል። ካለቀ በኋላም በ5 ቀን ውስጥ አንድ ይደግማል። ሁሉም የሄዱት ወደ ልጁ ኢሜይል ነው። ምናልባት ዛሬም ሳይከፈቱ ተኝተው ይሆናል።

ደግሞ ጊዜ ነበረኝ እኮ። ዶት ኮም ሲያልቅበት በማግስቱ አይሞትም። እንደ መዝጋቢው ቢለያይም እስከ 45 ቀን ድረስ በመደበኛው ዋጋ ማደስ የሚቻልበት ጊዜ አለ። ከተሰረዘ በኋላም ቅጣት ከፍሎ የሚመለስበት 30 ቀን አለ። በመጨረሻ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ይለቀቃል፤ ያኔ ሌት ተቀን የሚጠብቁ ኮምፒውተሮች በሰከንድ ይቀልቡታል። አንዳንዱማ እዚያም ሳይደርስ በጨረታ ይሸጣል። ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ምን እያደረግሁ ነበር? ዌብሳይቱ እንደጠፋ አይቻለሁ። ኔትወርክ መስሎኝ! እኛ አገር ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኔትወርክ ነው። በዚያ ላይ የፋሲካ ሰሞን ነበር፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ማን ዌብሳይት ያያል?

ወንድሜ ሊያጽናናኝ አንድ ታሪክ ነገረኝ። በፈረንጆቹ 1999 ገና ሰሞን ማይክሮሶፍት ራሱ የአንድ የዌብሳይት ስሙን ክፍያ ረስቶ ብዙ ሰው ሆትሜይል መግባት አቃተው። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ በራሱ ካርድ 35 ዶላር ከፍሎ ነገሩን አስተካከለላቸው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለማይክሮሶፍት ደግ ሰው ይደርስለታል፤ ለበርበሬ ነጋዴ የሚደርሰው ቁማርተኛ ነው።

አዲሱን «ባለቤት» አገኘሁት። ስሙ የተደበቀ ነው፣ የሚታየው የመልእክት ሣጥን ብቻ። የእናቴን ስም በ2,800 ዶላር ሊሸጥልኝ ፈቀደ። ወደ ብር አልመነዘርኩትም፣ ደም ግፊት አለብኝ።

ጠበቃ የሆነች ጎረቤቴን ጠየቅሁ። መንገድ አለ፣ በዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት በኩል ክስ ይቀርባል አለችኝ። ለአንድ ዳኛ 1,500 ዶላር ይከፈላል። የጠበቃው ለብቻው። ሦስት ነገር ማስረዳት አለብሽ አለች፦ ስሙ ከንግድ ምልክትሽ ጋር አንድ ወይም ተመሳሳይ መሆኑን፣ ሰውየው በስሙ ላይ መብት እንደሌለው፣ በክፉ ልብ መዝግቦ እየተጠቀመበት መሆኑን። «የንግድ ምልክትሽን አስመዝግበሻል?» አለችኝ። የንግድ ፈቃዴን አሳየኋት። እሷም እናቴ ጥሬ ቅመም ስታይ እንደምታደርገው ራሷን ነቀነቀች። ለካ ንግድ ፈቃድ ሌላ ነው፣ የንግድ ስም ሌላ ነው፣ የንግድ ምልክት ደግሞ ሌላ። ምልክቱ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ተመዝግቦ 7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። አሥራ ስንት ዓመት ስነግድ ይህን የነገረኝ የለም። ግብር ሲሆን ግን ሁሉም ይነግረኛል።

እሺ፣ አዲስ ስም ልውሰድ አልኩ። እዚህ ላይ ደግሞ ፊደሉ መከራ ሆነ። የእናቴ ስም በፀ ይጀምራል። ፀን በላቲን አንዱ በቲ ኤስ ይጽፈዋል፣ አንዱ በቲ ዜድ፣ አሜሪካ ያሉት በኤስ ብቻ። መጨረሻውን ግማሹ በዋይ፣ ግማሹ በአይ። አንዱን ብይዝ ሌላውን የሚጽፈው ደንበኛ ቁማርተኛው ጋ ይገባል። ሁለት አጻጻፍ ያዝኩ፣ የቀረውን ለእግዚአብሔር ተውኩ። የአገራችን ዶት ኢቲም አለ፣ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ይከፈላል። በ2014 ይህን ጠይቄ «ዶት ኮም ነው ክብሩ» ተብዬ ነበር። ክብሩን አየሁት።

ሳልጠየቅ ልመልስ፣ ኮሜንት ላይ «ለምን ቀድመሽ አላጣራሽም» የምትሉ አላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አውቃለሁ። ግን ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይመስለኝም። ዙሪያዬ ያሉትን ጠየቅሁ። ባለ ጫማዋ፣ ባለ ማሩ፣ የሠርግ ዲኮር የሚሠራው፣ ሁሉም «ልጁ ነው የያዘልኝ» ነው የሚሉት። ካርድ የለንማ! ዶላር መክፈል የሚችል ሰው ባለቤት ይሆናል፣ ብር የምንልከው እኛ ተከራይ ነን፣ ውል እንኳን የለንም።

የአሁኑን ራሴ ከፈትኩት። በራሴ ኢሜይል፣ በራሴ ስም፣ የይለፍ ቃሉን ማንም አያውቀውም። ለመግባት የሚጠየቀው ኮድ ወደ እኔ ስልክ ነው የሚመጣው። ስሙ ወደ ሌላ እንዳይዛወር መቆለፊያ አለው፣ በእሱም ቆለፍኩት። ካርዱ ግን አሁንም የሰው ነው፣ ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ናት የከፈለችው። በየዓመቱ ላለመለመን ለ10 ዓመት በአንዴ አስከፈልኳት፣ ከዚያ በላይ አይፈቀድም። ገና ሳምንት ሳይሞላው «አንድ የቻይና ኩባንያ ስምዎን ሊያስመዘግብ ስለሆነ ፈጥነው ይክፈሉ» የሚል ኢሜይል መጣልኝ። ማጭበርበሪያ ነው አሉኝ። ቢያንስ ይሄኛው ለእኔ ነው የተላከው።

እማዬ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰማችኝ። ስለ ቁማሩ አልነገርኳትም ነበር፣ የልጅ ልጇ ነገራት። ዝም ብላ ቆየችና «አሁን ስሜ በማን ስም ነው?» አለች።

«በእኔ፣ እማዬ።»

«ወረቀት አለው?»

የለውም፣ ኢሜይል ነው አልኳት። አላመነችኝም። አሁን ሳሎን ተቀምጠን የድሮው አድራሻ የታተመባቸው 4,000 ከረጢቶች ላይ ስቲከር እየለጠፍን ነው። 1,100 ደርሰናል። የእሷ ስቲከሮች ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብለው ነው የሚለጠፉት።