ሦስቴ ረግጠው ለሚያቆሙ ጀግኖች

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ መኪናውን ሊያውሰኝ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ዕድሜ ይስጠው። ቁልፉን ከሰጠኝ በኋላ ግን በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለና፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ፍሬኗ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ እንዳትደነግጥ" አለኝ። "መጀመሪያ ስትረግጠው ይሰምጣል። ሁለተኛው ላይ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ላይ ቀጥ!" ይህን ሲል ፊቱ በኩራት በርቷል። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብለው "ኧረ ቆየ! ምንም ሆና አታውቅም" አለኝ። ቁልፉን መለስኩለት። ተቀየመኝ። እስካሁን ስልኬን በወጉ አያነሳም።

እንዲህ ዓይነት ወዳጅ እናንተም አላችሁ። የለኝም የምትል ካለህ ምናልባት አንተው ነህ።

እነዚህን ሰዎች እስካሁን ደግ ቃል የተናገራቸው የለም። መካኒክ ይቆጣቸዋል፣ ሚስት ትነጫነጭባቸዋለች፣ ተሳፋሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይባቸዋል። ቢያንስ አንድ ሰው ያመስግናቸው እንጂ! ደህና ፍሬን ያለው መኪና ማቆም እኮ ምንም ጥበብ የለውም። አንዴ ትረግጣለህ፣ ይቆማል፣ አለቀ። ፍሬኗ የሞተ መኪና ማቆም ግን ሌላ ደረጃ ነው። እግር ብቻ አይበቃም። ትንቢት ያስፈልጋል። ከፊት ያለው ሹፌር ሊቆም መሆኑን እሱ ራሱ ሳያስበው ማወቅ ያስፈልጋል።

ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ተዘግቶ የተያዘ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ግፊቱ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል ብሎ ነበር። የመኪና ፍሬን የቆመው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው። እግርህ ፔዳሉን ይገፋል፣ ፔዳሉ ዋናውን ፖምፓ፣ ፖምፓው ዘይቱን፣ ዘይቱ ሸራውን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት እያሸ የሚያቆመውን ክፍል)። ፈሳሽ በቀላሉ አይታመቅም፣ ስለዚህ አንዴ መርገጥ ይበቃል። አየር ግን ይታመቃል። ቱቦው ውስጥ አየር ከገባ እግርህ የሚጨቁነው ጎማውን ሳይሆን አየሩን ነው። ደጋግመህ ስትረግጥ ከማጠራቀሚያው ተጨማሪ ዘይት እየገባ ክፍተቱን ይሞላል፣ ፔዳሉም ቀና ይላል። ተራ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይልና "አየር ገብቶ ነው? የኋላው የታምቡር፣ የዚያ ከበሮ መሰል ብረት፣ ሸራ ተበልቶ ነው? ወይስ የፖምፓው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ላስቲክ፣ አልቆ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጀግናችን አይጠይቅም። ይቆጥራል።

ቁጥሯ ደግሞ ቀስ በቀስ የቤተሰብ ሀብት ትሆናለች። መጀመሪያ የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሚስቱ ታውቃለች፤ ከጎኑ ተቀምጣ "አሁን ጀምር!" ትለዋለች። ከዚያ ልጆቹ። ከኋላ ወንበር ሆነው "አንድ! ሁለት! ሦስት!" እያሉ ይቆጥሩለታል፣ ትንሹ እንዲያውም ቁጥር የለመደው እዚያ ነው፣ ከሦስት በላይ ግን አያውቅም። አማቱ ሲሳፈሩ የራሳቸው ፍሬን ያላቸው ይመስል ምንጣፉን በሁለት እግራቸው ይረግጣሉ፤ እውነቱን ለመናገር መኪናዋን ከሚያቆሟት ነገሮች አንዱ የእሳቸው እግር ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ሁለት የነበረችው ቁጥር ከሰዓት ሞተሩም ፍሬኑም ሲግል አራት ትሆናለች፣ ይህ ሁሉ በቃል ይያዛል። ጎረቤትም ቁጥር አለው። ማታ ሲገናኙ "የኔዋ ሦስት ናት" "ታድለህ! የኔዋ ከወር ወዲህ አምስት ገባች" ይባባላሉ፣ ስለ ልጅ ዕድሜ የሚያወሩ ይመስላል። አባት ሲያረጅ ኑዛዜ ይጽፋል፦ መኪናዬን ከነቁጥሯ ለበኩር ልጄ፣ የእጅ ፍሬኗን ለታናሹ። አባት ያልፋል። ልጆቹ ይጣላሉ። አንዱ "አባባ ሦስት ነው ያለው" ይላል፣ ሌላው "ሦስት ተኩል፣ ግማሿን በተረከዝ" ይላል። ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ዳኛው ምስክር ይጠራሉ። ምስክር ሆነው የሚቀርቡት አማትየው ናቸው፤ እዚያ ወንበር ላይ ቆመው እንኳ ወለሉን እየረገጡ ነው። ዳኛው ሐሳባቸው ይከፈልና መኪናዋ ራሷ ትምጣና ትታይ ይላሉ። መኪናዋ ትመጣለች። ግቢው ውስጥ አትቆምም። ችሎቱ በሌላ ቀን፣ በሌላ አዳራሽ ይቀጥላል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው አዳራሽ ግድግዳ የለውም።

በዛ አይደል? በዛ። ግን የተጋነነው ከኑዛዜው በኋላ ያለው ብቻ ነው።

ቀልዱን እዚህ ጋ ላቁመው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። አንተ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለህ እስክትጨርስ መኪናህ መቆም ሳትጀምር አንድ መንገድ አቋርጣ ታልፋለች። በዚያ 14 ሜትር ውስጥ ልጇን በእጇ ይዛ የምትሻገር ሴት ብትኖር ያንተን ቁጥር አታውቅም። ማንም አልነገራትም። አልተስማማችም። ያየችው ሹፌር ያለበት መኪና ነው፣ ሹፌር ካለ ይቆማል ብላ ነው እግሯን ያነሳችው። ይሄ ችሎታ አይደለም፣ መኪናን ማወቅም አይደለም። በሰው ነፍስ መቆመር ነው። ደግሞ እየሳቅክ ነው የምታወራው!

እሺ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ቀጣዩ ተመስጋኝ ጨማሪው ነው። ዕቃ መጫኛው ውስጥ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ተጋድሞ ይኖራል። ዘይቱ ዝቅ ሲል ይሞላል፣ ሲጎድል ይሞላል፣ ቀይዋ መብራት ስትበራ ይሞላል፣ ስትጠፋ ደስ ይለዋል። የሞተር ዘይት ቢሆን "ትንሽ በልታ ነው" ሊባል ይችላል። የፍሬን ዘይት ግን አይበላም፣ አይቃጠልም፣ ዝግ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ከቀነሰ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሸራው ተበልቶ እሱን የሚገፉት ፒስተኖች ወደ ውጭ ስለወጡ ዘይቱ ተከትሏቸው ሄዷል፣ ወይ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። ሁለቱም ዜና ናቸው። ጨማሪው ዜና አይወድም። ከኋላ ጎማው በስተውስጥ በኩል ያለውን ርጥበት ቢያየውም "ዝናብ ነው" ይላል፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ። እዚያ ታምቡር ውስጥ ግን ትንሿ ሲሊንደር እያንጠባጠበች ሸራውን በዘይት እያጠበችው ነው፣ በዘይት የራሰ ሸራ ደግሞ መያዝ አይሆንለትም።

ከጨማሪዎች መካከል ለልዩ ሽልማት የታጨ አለ። ጠርሙሱ ቢያልቅበት ያገኘውን የሞተር ዘይት ይጨምራል። "ዘይት ዘይት ነው" ይላል። የፍሬኑ ጎሚኒዎች የተሠሩበት ላስቲክ ግን የማዕድን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ይለቃል። ከዚያ በኋላ ችግሩ አንድ ጎሚኒ መሆኑ ይቀርና ዘይት የነካው ላስቲክ ሁሉ ይሆናል። በአንዲት ብልቃጥ ይህን ያህል ሥራ መሥራት ቀላል አይደለም።

ባለ ኦሪጅናሉንም አልረሳውም። ይሄኛው ጭራሽ አይጨምርም፣ አይቀይርም። "የፍሬን ዘይቷ ከፋብሪካ ከመጣች አልተነካም፣ ኦሪጅናል ነው!" ብሎ ይምላል፤ እኛም አፋችንን ይዘን እናደንቃለን። ዶት 3 እና ዶት 4 የሚባሉት የተለመዱት የፍሬን ዘይቶች ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አላቸው። ለዶት 3 የተቀመጠው ዝቅተኛው የመፍያ ልክ አዲስ እያለ 205 ዲግሪ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ረጅም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ሳይቀንስ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ሲወርድ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይዘልቃል፣ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፣ የፈላው እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል። ፔዳሉ ወለል ይነካል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየ2 ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት። ባለ ኦሪጅናሉ ግን ቅርስ ጠባቂ ነው፣ ቅርስ ደግሞ አይቀየርም።

"አርጅታለች እኮ፣ ምን ታድርግ" የሚሉም አሉ። ታላቅን ማክበር ጥሩ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ይህች ያረጀች መኪና አዲስ የወንበር ልብስ አላት። አዲስ ስፒከር አላት፣ ያውም ከኋላ መስታወቱን የሚያርገበግብ። መሪዋ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ያላረጀ ነገር የማይገባት ፍሬኗ ጋ ሲደረስ ብቻ ነው። የፊት ጎማዎቹ አጠገብ ያሉት የላስቲክ ቱቦዎች ላያቸው ተሰነጣጥቆ፣ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ እያበጡ ሲነፉ ይታያሉ፤ ግፊቱ ሸራው ጋ መድረሱ ቀርቶ ቱቦ በመንፋት ያልቃል። ስፒከሩ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። መቼም ሰው ሲሄድ በሙዚቃ መሄዱ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። እነዚህ ሁሉ ጀግኖች አንድ ቀን ግድግዳ ውስጥ ይገኙና አንድ ዓይነት ቃል ይሰጣሉ፦ "ፍሬን በድንገት በጠሰብኝ።" በድንገት! ወራት ሙሉ ፔዳሉ እየሰመጠ ሲለምናቸው፣ መብራቷ ስትጮህባቸው፣ አማታቸው ምንጣፍ ሲረግጡ ኖረው፣ ድንገት ሆነ።

እርግጥ ነው ዝገት የበላው የብረት ቱቦ አንድ ቀን በድንገት ሊፈነዳ ይችላል። መሐንዲሶቹም ይህን አስበውበታል። ፍሬኑን ሁለት ቦታ ከፍለው፣ አንዱ መስመር ዘይቱን ቢያፈስ ሌላው እንዲይዝ አደረጉ፤ ፔዳሉ ይወርዳል፣ ማቆሚያው ርቀት ይረዝማል፣ ግን ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ እንዲህ እንዲሠራ በመንግሥት ደንብ ተገድዷል። ስለዚህ ሁለቱንም መስመር አንድ ላይ ማጥፋት በአንድ ቀን የሚሆን ነገር አይደለም። ትጋት ይጠይቃል። አንዱን ቀድመህ ገድለህ፣ በአንዱ ብቻ እየሄድክ "ምንም ሆና አታውቅም" እያልክ፣ ሁለተኛውን በትዕግሥት መጠበቅ አለብህ። ይህን ሁሉ የደከመ ሰው ድካሙን "ድንገት" ብሎ ማሳነሱ ትሕትና ነው እላለሁ።

ለእነዚህ ሰዎች አንድ ቀላል መፈተኛ ነግሬያቸው አውቃለሁ። መኪናዋ ቆማ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፔዳሉን አንዴ ረግጠህ ሳትለቅ፣ ሳትደጋግም፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ዝም ብለህ ያዘው። በግፊትህ ሥር ቀስ እያለ ወደ ወለል ከወረደ የሆነ ቦታ ግፊት እየጠፋ ነው፤ ውጭ ምንም የሚፈስ ነገር ከሌለ ጥርጣሬው የፖምፓው ውስጥ ጎሚኒ ላይ ነው፣ ፈትቶ ማየት ነው። ነገሩ ይሄው ነው። ግን አይችሉም። እግራቸው ያለ ልማዱ ዝም ማለት አይሆንለትም፣ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ሁለት ሦስቴ ይረግጡና "አየህ፣ ጠጠረ!" ይላሉ።

የእጅ ፍሬኑን እንደ መጠባበቂያ የሚይዝም አለ፣ በየመስቀለኛው ይስበዋል። ስለ እሱ ብዙ አልልም፤ የኋላ ጎማዎቹን በፍጥነት ላይ በአንዴ ቆልፎ መኪናዋ ስትዞርበት እሱ ራሱ ይናገራል።

በመጨረሻ ሁሉም ይሸጣሉ። የማስታወቂያው ቋንቋም አንድ ነው፦ ንፁህ፣ ምንም ወጪ የማትፈልግ፣ ነዳጅ ሞልቶ መንዳት ብቻ። ገዢ ይመጣል። ይዞራታል፣ ጎማ በእግሩ ይነካል፣ ገብቶ ይቀመጣል፣ ፔዳሉን ይረግጣል። ፔዳሉ ሄዶ ሄዶ ወለል ይስማል። ገዢ ቀና ብሎ ሻጩን ያያል። ሻጩ ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ለፊት ቆሟል፣ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከፊቷ ዞር ይላል፣ ከዚያ እጁን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጎ፦

"ፍሬኑን ተወውና ሞተሯን ስማት እስቲ! ድምፅ አላት?"