ድልድዩ በጋሼ ስም ይጠራ

እዚህ ጎንደር፣ በሰፈራችን ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ፈፋ ላይ የእግረኛ ድልድይ ተሠርቷል። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ፣ በጉልበቱም አግዞ ነው ያቆመው። አሁን የቀረው ስም ማውጣት ነው። አንዱ የንጉሥ ስም ይሰጠው ይላል። ሌላው "የልማት ድልድይ" እንበለውና እንገላገል ይላል። እኔ ግን በአንድ ሽማግሌ ስም ቢጠራ ደስ ይለኛል። ገና ስላልጠየቅናቸው ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሰፈሩ ጋሼ ነው የሚላቸው።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የፈፋውን ዳርና ዳር ዛፍ ሲያለብሱ ኖረዋል። የቀጠራቸው የለም፤ አበልም አያገኙም። ወይራ፣ ዋንዛና ጥድ ይተክላሉ። ባሕር ዛፍ ቢሆን ቶሎ ደርሶ ለአጣና ይሸጥላቸው ነበር። ወይራ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

አንድ ቀን ጠዋት አብሬያቸው ወረድኩ። ከመንገድ የለቀሙትን ባዶ ሃይላንድ ቂጡን በቢላ ይቆርጡታል። ክዳኑን በጋለ ምስማር ይበሱታል። ከዚያ ገልብጠው ችግኙ አጠገብ ከተተከለ እንጨት ጋር ያስሩትና ከጀሪካን ውሃ ይሞሉታል። ውሃው በአንዴ አይፈስም፤ ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያርሳል። በሁለት ጠብታዎች መካከል እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ጋሼ በዚያ መሀል የሚቀጥለውን ጀሪካን ተሸክመው ወርደው ነበር።

ሐምሌ ላይ ሁላችንም አካፋ እንይዛለን። እንተክላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ወደ ቤታችን እንገባለን። ጎንደር ግን ዝናቡ መስከረም ላይ ከወጣ በኋላ ያለው በጋ ረጅም ነው። ችግኝ የሚሞተው ያኔ ነው። ከፀሐይ የተረፈውን ደግሞ ፍየል ይጨርሰዋል። ስንት ተተከለ ብለን እንጠይቃለን እንጂ ስንት ጸደቀ ብለን አንጠይቅም። ጋሼ የእሾህ አጥር የሚያጥሩት፣ ውሃ የሚያመላልሱት እኛ በረሳናቸው ወራት ነው።

ይህ ነገር ለጎንደር ቀላል አይደለም። እዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ውሃ የሚይዝበት ቦታ ጠቧል። ደለሉ ከየትም አልመጣም፤ ዛፍ ካጡ ተዳፋቶች ክረምት ጠርጎ ያመጣው አፈር ነው። ቀሃም ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ወንዛችን ነው። ዳሩን የሚጠብቅለት ሰው የከተማው ባለውለታ ካልሆነ ማን ይሆናል?

ጎንደር ደግሞ የባለቤቶቿን ስም የምትይዝ ከተማ ናት። የነገሥታቱ ግቢ ውስጥ የፋሲል ግንብ አለ፣ የእያሱ አለ፣ የምንትዋብ አለ። ወጣ ስንል ራስ ግንብ አለ። ሰፈሮቻችን አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት ይባላሉ። አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ተሰይሟል። ይገባቸዋል፤ አንድም ስም ይነሳ አልልም። ጀሪካን ተሸክሞ ከተማ ላገለገለ ሰው ግን አንድ ትንሽ ድልድይ አትበዛበትም።

"ሰው በቁሙ እያለ አይሰየምለትም" የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ የሰው ነገር መጨረሻው አይታወቅም። ግን እነዚያ ነገሥታት ግንባቸው በስማቸው ሲጠራ በሕይወት አልነበሩም? እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን ደግነቱን ስናወራ እናመሻለን። ያንን ግማሹን ጋሼ በጆሯቸው ቢሰሙት ምን አለበት? ሌሎችም ደክመዋል ለሚሉኝ፣ አዎ ደክመዋል፤ እነሱም በየተራቸው ይታወሱ።

ሰሌዳው ላይ ስማቸው ይጻፍ፣ ከሥሩም "ችግኝ ያጸደቁ" የሚል ይጨመር። ይበቃል። ግን ስሙን ለጥፈን ጀሪካኑን ለእሳቸው ብቻ እንዳንተው። ጉልበታቸው እየደከመ ነው፤ አሁን አሁን ዳገቱን ሲወጡ ሁለቴ ያርፋሉ። ስለዚህ ስያሜውን የሚወስነው ስብሰባ የውሃ ተራም አብሮ ያውጣ፣ በየቤቱ አንድ አንድ ሳምንት። የጥቅምትን የመጀመሪያ ሳምንት እኔ ይዣለሁ።