ጉሙ ሲገለጥ የሚመጣው ብርድ

ትናንት ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ቴክሳስ ውስጥ ከጋርላንድ ወደ ዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ስነዳ፣ ከፊቴ ካለው መኪና የሚታየኝ ሁለት ቀይ ነጥብ ብቻ ነበር። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። መብራት ይዞን ስንቆም እጄን በመስኮት አውጥቼ የጎን መስታወቱን ጠረግሁት፤ መዳፌ ላይ የቀረው ውሃ ለብ ያለ ነው። ወሩ ጥር ነው፤ አየሩ ግን ሹራብ አያስለብስም።

አብራኝ የተሳፈረችው ልጅ ከደሴ ከመጣች ገና አንድ ወሯ ነው። ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። የምንኖረው አንድ ግቢ፣ የምንሠራውም እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን። መስኮቱን እያየች «ጋሼ፣ ይሄ ጉም እስኪገለጥ ነው እንጂ ዛሬ እንዴት ያለ ፀሐይ ይወጣል መሰልዎት!» አለችኝ። ከዚያም «ቴክሳስ ብርድ የለም ያሉኝ ሰዎች እውነታቸውን ነው» ብላ ጨመረች።

ለደሴ ቢሆን ልክ ነበረች። የጦሳን ተራራ የሸፈነ ጉም ረፋዱ ላይ ሲገለጥ የሚከተለው ፀሐይ ነው። እኔም ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ የገጠር መንደር ስለሆነ ነገሩ አይጠፋኝም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄደ ሰው ሁሉ የጣርማ በርን ጉም ያውቀዋል። በልጅነቴ አንድ ቀን በጭነት መኪና ስንሻገር ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ከፊት ከፊት እየሄደ፣ የመኪናውን ኮፈን በእጁ እየመታ ነበር ሹፌሩን የመራው። ያ ጉም እርጥብ አየር ከቆላው በኩል ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ፣ እየወጣ ሲሄድም ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር ነው። ፀሐይ ሲበረታበት ይበተናል። መኪና ከሚያልፍበት የተራራው ዋሻ ወዲያ ማዶ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ ይቀበላል። ስለዚህ የኛ ሰው ጉም ሲያይ አይፈራም፤ «ይገለጣል» ይላል።

የዚህ አገር የክረምት ጉም ግን ሌላ ነው። ከደቡብ፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል ሞቃትና እርጥብ አየር ይመጣል፤ በቀዘቀዘው መሬት ላይ ሲያልፍ ከሥሩ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ያ የደቡብ ነፋስ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን የብርድ ግንባር፣ ማለትም የሚገፋው የቀዝቃዛ አየር ጠርዝ፣ እየተጠጋ ሲመጣ ነው። ሙቀቱም ጉሙም የመጪው ብርድ መልእክተኞች ናቸው ማለት ይቻላል። ግንባሩ ሲደርስ ነፋሱ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱን ያዞራል፤ ደረቁ የሰሜን አየር ጉሙን ጠርጎ ሰማዩን ወለል ያደርገዋል። የደሴዋ ልጅ ፀሐይ የምትጠብቅበት ሰዓት፣ እዚህ ካፖርት የሚፈለግበት ሰዓት ነው።

ትንበያው ሁሉንም ተናግሮ ነበር። ጠዋት ከባድ ጉም፤ ቀን እስከ 76 ፋራናይት፣ በኛ 24 ዲግሪ ገደማ፤ ማምሻውን የብርድ ግንባር፤ በማግስቱ ንጋት 21 ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ። የቴክሳስ ሰው ከግንባሩ ጋር የሚመጣውን የሰሜን ነፋስ «ኖርዘር» ይለዋል። ከካናዳ ሜዳ እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ፣ ብርዱን የሚገታ ተራራ የለም። የሮኪ ተራሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለተዘረጉ ብርዱን እንደ ቦይ ወደዚህ ይመሩታል እንጂ አያቆሙትም። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 ቀን 1911 በኦክላሆማ ሲቲ ቀን 83 ፋራናይት የነበረው ሙቀት እኩለ ሌሊት ሳይደርስ 17 ሆኗል። በአንድ ቀን ከ28 ዲግሪ ሴልሺየስ ከዜሮ በታች ወደ 8 መውረድ ማለት ነው።

የኛ አገር ብርድ እንዲህ አይመጣም። ዝም ብሎ ነው የሚወርድ። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ቆሞ ካደረ፣ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ለቅቆ ይጨርስና ንጋት ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። አባቴ ማታ በረት ዘግቶ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ይቆምና ሰማዩን ያያል። ከዋክብቱ ከደመቁ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል ካልተንቀሳቀሰ «ዛሬ ባቄላውን ሊያቃጥለው ነው» ይላል። ሲሳሳት ብዙም አላየሁም። ይህን ዕውቀት ማንም አላስተማረውም፤ ከአባቱ ያየው ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ያንን ብርድ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ፣ ይህ ዓይን ውቅያኖስ ሲሻገር ባለቤቱን ማሳሳቱ ነው። ነፋስ ካለ ውርጭ የለም ብሎ ያደገ ሰው፣ እዚህ ብርድ በነፋስ ተጭኖ ሲመጣ ምልክቱን አያውቀውም። ሞቃት ጥር ሲያይ «ክረምቱ ወጣ» ይላል። ትንበያው በስልኩ ላይ ቢጮህም በእንግሊዝኛና በፋራናይት ነው፤ 21 የሚለውን ቁጥር ሲያይ እንደ አዲስ አበባ ቀትር የሚመስለው ሰው አለ። ይህን የምለው ገምቼ አይደለም፤ አይቼዋለሁ።

የካቲት 2013 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ የነበረ ሁሉ አይረሳውም። የቴክሳስ 254ቱም ካውንቲዎች በአንድ ጊዜ የክረምት ማዕበል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ነበር። ዳላስ ፎርት ዎርዝ ላይ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ሆነ፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ነው፣ በ72 ዓመት ውስጥ ያልታየ። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ፎርት ዎርዝ ውስጥ አስፋልቱ ላይ በማይታይ በረዶ ከ130 በላይ ተሽከርካሪዎች ተላትመው 6 ሰዎች ሞተዋል። በኋላም መብራት ጠፋ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ፤ የግዛቱ የመብራት መረብ ከሌላው አሜሪካ በአብዛኛው የተነጠለ ስለሆነ ከጎረቤት በቂ ኃይል መበደር አልተቻለም። ግዛቱ ራሱ የቆጠረው ሟች 246 ነው።

በሁለተኛው ሌሊት ከእኔ በታች የሚኖሩ አንዲት እናት በራቸው ሥር የከሰል ሽታ ሸተተኝ። ሳንኳኳ ከፈቱልኝ። በሦስት ጋቢ ተጠቅልለው፣ ለቡና ያመጧትን ማንደጃ ሳሎኑ መሐል አስቀምጠዋል። ከሰሉ ፍም ሆኗል።

«እማማ፣ ይሄ ይገድልዎታል» አልኳቸው።

«ምኑ ልጄ? በረንዳ ላይ አንድጄ ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው እኮ ያስገባሁት። አገሬ ስኖር እንዲህ አይደል የምሞቀው?»

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። ሁላችንም የተማርነው እንደዚያ ነው፤ ከሰል እስኪፍም ውጭ ይቆያል፣ ከዚያ ይገባል። የሚገድለው ግን የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ነው፤ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል። እናታችን ያደጉበት የጭቃ ቤት በክዳኑና በግድግዳው መካከል ይተነፍስ ነበር። የዚህ አገር አፓርታማ ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ ዙሪያውን የታሸገ ነው። ማንደጃዋን አንሥቼ በረንዳ ላይ አወጣኋት፣ መስኮቱን በዚያ ብርድ ከፈትን፣ እሳቸውንም እኛ ቤት ወስደን ከልጆቼ ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ አስተኛናቸው። በዚያ ሳምንት ለመሞቅ ሲሉ ከሰል ቤት ውስጥ ያነደዱ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ ያስነሱ ሰዎች በየከተማው ታፍነው ሞተዋል፤ ወገኖቻችንም ነበሩበት። ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። ትንበያው ትክክል ነበር። ማስጠንቀቂያው ከቀናት በፊት ወጥቷል። እነዚያ ሰዎች ጋ ግን በሚገባቸው ቋንቋ፣ «ከሰል አታስገቡ» ብሎ የደረሰ የለም።

አገር ቤትም ያለው ጉድለት የዚሁ ወንድም ነው። የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለበጋው፣ ለበልጉና ለክረምቱ ትንበያ ያወጣል፤ በየ10 ቀኑም አለ። «በሰሜን ሸዋ የሌሊትና የማለዳው ቅዝቃዜ ይበረታል» ሲል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ለአባቴ ግን ሰሜን ሸዋ ሰፊ ነው። የእሱ ማሳ ቁልቁለቱ ሥር ያለ ረግረግ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወርዶ የሚተኛበት። እዳገቱ ላይ ያለው የአጎቴ ማሳ በዚያው ሌሊት ምንም ሳይነካው ያድራል። አባቴ የሚያውቀውንና ኢንስቲትዩቱ የሚያውቀውን አንድ ላይ የሚያገናኝ የልማት ሠራተኛ ቢኖር፣ አንድ የስልክ መልእክት በሰዓቱ ቢደርስ፣ የደረሰውን ባቄላ ቀድሞ መሰብሰብ፣ ጥጆችንም ማስገባት ይቻላል። እዚህ ትንበያው ግንባሩ በስንት ሰዓት ጋርላንድ እንደሚገባ ይናገራል። እኛ ጋ ያ ትክክለኛነት ያለው በአባቴ ዓይን ውስጥ ነው፤ አባቴ ደግሞ ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ልጆቹም ከተማና ውጭ አገር ነን።

ከዚያ የካቲት ወዲህ በእቁባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ግንባር በመጣ ቁጥር ድምፄን ቀድቼ እልካለሁ። ውሃው በርዶ ቧንቧ እንዳይፈነዳ የውጭ ቧንቧችሁን ሸፍኑ፤ የቤቱ በቀጭኑ እያንጠባጠበ ይደር፤ ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ክፈቱት፤ ከሰል በፍጹም። በፋራናይት ሳይሆን በሴልሺየስ እናገራለሁ። አንዳንዱ «አሁንም ጀመረ» ይል ይሆናል፤ ይበል።

ትናንት ማታ ከሥራ ስንመለስ መኪና ማቆሚያው ላይ ወረድን። አየሩ ገና ሞቃት ነበር፤ ልጅቷ ጃኬቷን በክንዷ ይዛለች። ከሰሜን በኩል ሰማዩ ሥር ሰማያዊ ጥቁር የሆነ መስመር ነበር። አሳየኋት። ስታየው ሳለ ነፋሱ ቆመ። ከዚያ ከወዲያ በኩል መጣ፤ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ክዳን ገልብጦ ጣለው፣ ቅጠሉን ሁሉ ከግቢው ጠረገ። ጃኬቷን ለመልበስ አንዱን እጅጌ እንኳ ሳትጨርስ ጥርሷ ተንገጫገጨ።

«ጋሼ፣ ጉሙ እንዲህ ነው እንዴ የሚገለጠው?»

ቧንቧዋን እንዴት እንደምታንጠባጥብ ላሳያት አብሬያት ወጣሁ። ከታች ያሉት እናት በራቸውን ከፍተው «ልጄ፣ ማንደጃዬን በረንዳ ላይ አውጥቻታለሁ፤ ና ቡና ጠጣ» አሉኝ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍልተውታል።